የስፌት ቤቱ ታፔላ

ልጆቹ ንገሪን አሉኝ። ልጆች የምላቸው የልጅ ልጆቼን ነው፤ አንዱ ዘንድሮ ሕክምና ይጨርሳል፣ አንዷ ገና መሃል ላይ ናት። ቅዳሜ ምሳ በልተው ሲያበቁ፣ የትኛውን የሕክምና ዘርፍ ቢማሩ ነው የራስን ክሊኒክ ከፍቶ መኖር የሚቻለው እያሉ ሲከራከሩ ቆዩና ታላቃቸውን፣ የአክስታቸውን ልጅ የቆዳ ሐኪሟን ጠየቋት። እሷም ሳቀችና፣ «እማማን ጠይቋት፤ በመስኮት ስታየው የኖረችው እሷ ናት» ብላ ወደ ሥራዋ ወረደች። እንግዲህ እኔ አወራለሁ፣ ትንሿ በስልኳ ትጽፋለች፣ ጽፋ ታነብልኛለች፣ ያልወደድኩትን አስቀይራታለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጥኩ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ወልጄ ከብጄ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ታፔላ ግን አነባለሁ። ይህ ነገር ደግሞ የታፔላ ነገር ነው።

ቤታችን ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አንደኛ ፎቅ። ከዚያ በፊት ጌጃ ሰፈር ነበርን፤ ግቢያችን ለልማት ሲፈርስ ነው ወደዚህ የመጣነው። እዚያ ሳለን ዝናብ ሲዘንብ ቆርቆሮው ይጮህ ስለነበር ሰው ከሰው ጋር የሚያወራው ጮክ ብሎ ነው። እዚህ ስንገባ ጸጥታው ግራ ገብቶኝ ለብዙ ጊዜ እየጮህኩ ነበር የማወራው። ምን ልል ነበር? አዎ፣ ስለ ልጄ። የሐኪሟ እናት ልብስ ሰፊ ነበረች። ከቤታችን ሥር፣ ግራውንድ ላይ ያለውን የሱቅ ክፍል ይዛ እዚያ ትሰፋ ነበር። የብሎካችን ሴት በሙሉ የእሷን ቀሚስ ለብሷል ማለት ይቻላል። አንድ አመል ነበራት፤ ማንም ሳይጠይቃት በቀኙ ጎን፣ ስፌቱ ውስጥ፣ ከውጭ የማይታይ ትንሽ ኪስ ታደርጋለች። ሴት ልጅ ቁልፏን በእጇ ጨብጣ መዞር የለባትም ትል ነበር።

እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ስፌት መኪናው ላይ እንዳለች ወደቀች። ደም ግፊት ነው አሉ። የልጅ ልጄ ያን ጊዜ ጠቅላላ ሐኪም ሆና ድንገተኛ ክፍል ዱቲ ላይ ነበረች፤ የሰው እናት ስታክም ነበር። ስትደርስ ሁሉ ነገር አልቋል።

ከዚያ ወዲህ ስለ ራሴ የምናገረው ብዙ የለኝም። እንደ ሰው አለቀስኩ። ድንኳኑ ተጣለ፣ ድንኳኑ ተነሳ። ለቀስተኛው ሲበተን አንድ ነገር እንደ ወፍራም ጋቢ ከላዬ ተደረበና እዚያው ቀረ። የሚነገረኝን እሰማለሁ፤ ግን መስኮት ዘግታችሁ የባቡሩን ድምፅ እንደምትሰሙት ነው። ማለፉን ታውቃላችሁ፣ ቤቱን ግን አያንቀጠቅጠውም። ምግብ እበላለሁ፣ ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ሰው ሲስቅ ፈገግ እላለሁ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ይህን ለልጆቹ የምነግራቸው እንዲያዝኑልኝ አይደለም። ቀጥሎ የምናገረውን ሁሉ ያየሁት በዚያ ጋቢ ውስጥ ሆኜ ስለሆነ ነው።

የልጄ ሙት ዓመት ካለፈ በኋላ የልጅ ልጄ ስፔሻላይዝ ለማድረግ አመለከተች። ማመልከቻው ላይ ምን እንደምትሞላ ግን አላወቀችም። አንድ ቀን አብሯት የተመረቀ ጓደኛዋ መጣና ምሳ እየበሉ ስለዚሁ ያወሩ ጀመር። ቀልደኛ ልጅ ነው፤ በእሱ ፊት ዝም ብሎ መቀመጥ አይቻልም።

«ዓይን ምረጪ። ዓይን አሪፍ ነው» አላት እየጎረሰ።

«መሣሪያውን ማን ይገዛልኛል? እኔ የምፈልገው እናቴ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን የምሠራውን ነው።»

«ማህፀንና ጽንስስ? ሴት ነሽ፣ ሴቶቹ ይመርጡሻል።»

«ምጥ ቀጠሮ አያከብርም። አዋላጅ ያስፈልጋል፣ ማደንዘዣ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ያስፈልጋል። ያቺ ሱቅ ይህን ሁሉ ትችላለች?»

«አጥንት?»

«ክንዴን እየው ጀለሴ። ይሄ ክንድ የወለቀ ትከሻ የሚመልስ ይመስልሃል?»

«ከሥጋ ቤት አንድ ጎረምሳ ትቀጥሪያለሻ!»

እኔም ሳልስቅ አልቀረሁም መሰለኝ፣ ሁለቱም ዞር ብለው አዩኝ።

«እሺ ሕፃናት» አለ።

እሷ ራሷን ነቀነቀች። «ሕፃን ጠዋት ሲስቅ ታየዋለህ፣ ከሰዓት በኋላ ይገለበጣል። አልችልም።» ይህን ስትል እሱም ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰው። ገብቶታል። ሰው እጇ ላይ እንዲሞት አትፈልግም ነበር።

ወዲያው ደግሞ ጨዋታውን መለሰው። «እንግዲያው አእምሮ! ሁለት ወንበርና አንድ ሶፍት ብቻ ነው የሚፈልገው። ማሽን የለ፣ ደም የለ።»

«አንተ ደግሞ! ልደታ ውስጥ ማን ነው በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት እያየው፣ የአእምሮ ሐኪም ቤት የሚገባው?»

ልብ በሉ። ይህን ያለችው ራሷ ናት።

ከዚያ ቆዳ ላይ ደረሱ። የቆዳ ሐኪም ጥሩ መብራት፣ ማጉያ መነጽርና አልጋ ካላት ሥራ መጀመር ትችላለች አሉ። ድንገተኛ ብዙ የለውም። በሽተኛው ይመጣል፣ ይታያል፣ ደግሞ ይቀጠራል። ሕፃኑም ሽማግሌውም ቆዳ አለው። ከእናቷ የቀረውን ሜትር ከመሳቢያ አወጣችና ሁለቱም ወርደው ሱቁን ለኩ። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ ከታች ድምፃቸውን እሰማለሁ፤ እዚህ መጋረጃ፣ እዚህ መታጠቢያ፣ እዚህ ወረፋ መጠበቂያ ይባባላሉ። ሲመለሱ ልጁ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እማማ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ» አልኩት። «ማታ ማታ ቤቷ የምትገባበትን ትማር።»

አስቤ የተናገርኩት አይደለም። ሰው ሲያስነጥስ ይማርህ እንደሚባለው ነው ያልኩት። እሷ ግን ቀና ብላ አየችኝና፣ «በቃ፣ ቆዳ ነው» አለች። ልጆቹ ሙያ እንዴት ተመረጠ ብለው ሲጠይቁኝ የማውቀው ይኼን ነው። የሱቅ ስፋት፣ የእናት ሞትና ከእኔ አፍ ያመለጠ አንድ ቃል።

ፈተናውን አለፈች፣ ቆዳ ደረሳት፣ ዓመታት ተማረች። ሱቁ በዚያ ሁሉ ጊዜ ለፎቶ ኮፒ ቤት ተከራይቶ ነበር። ስትጨርስ አስለቀቀችና አሳደሰችው። ከጤና ቢሮ መጥተው ክፍሎቹን አዩ፣ መታጠቢያውን አዩ፣ ፈቃድ ሰጧት። የእናቷን ስፌት መኪና ወደ ላይ አምጥታ መኝታ ቤቴ ጥግ አስቀመጠችው። ከዚያ ታፔላው መጣ። ትልቅ ነው፣ ከውስጡ መብራት አለው። ከሰቀሉት በኋላ ወርጄ ግቢው መሃል ቆምኩና እየቆጠርኩ አነበብኩት። «የቆዳና የአባለዘር በሽታዎች ልዩ ክሊኒክ» ይላል። ከሥሩ የእሷ ስም።

«አባለዘር ምንድን ነው?» አልኳት።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ነገረችኝ።

«ታዲያ ይኼን ለምን አጻፍሽው!»

«ሙያው አንድ ነው እማማ። የተማርኩት ሁለቱንም ነው፣ ፈቃዱም ላይ ያለው ሁለቱም ነው። ታፔላው ፈቃዱ የሚለውን ነው የሚለው።»

«ታች ላይ ቢሆንስ? በትንንሹ?»

«ተይ እንጂ እማማ!» ብላ ሳቀች።

የክሊኒኩ ምረቃ ቀን ዳቦ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ የብሎኩ ሰው በሙሉ መጣ። መረቋት፣ እልል አሉላት፣ ግድግዳውን እየዳሰሱ አደነቁላት። እየወጡ ሲሄዱ ግን አንድ በአንድ ቀና እያሉ ታፔላውን ሲያነቡ ከመስኮቴ አይቻለሁ። ከዚያን ቀን በኋላ ማንም አልገባም።

የእኛን ግቢ ለማያውቅ ሰው ልንገር። የክሊኒኩ በር የሚከፈተው ወደ ግቢው መሃል ነው። ሰርግ ሲሆን ድንኳኑ የሚጣለው እዚያ ነው፣ ለቅሶ ሲሆን እዚያ ነው፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱት እዚያ ነው፣ በርበሬ የሚሰጣው እዚያ ነው። በየፎቁ ኮሪደር ላይ ሰው ክንዱን አስደግፎ ቁልቁል የሚያየው እዚያን ነው። ለልብስ ስፌት ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም፤ ሴት አዲስ ቀሚስ ለብሳ ስትወጣ ሕዝብ ያያታል። እዚያ ታፔላ ሥር ግን ማን ነው ሕዝብ እያየው የሚገባው? እግሩ ላይ ያለችውን ጭርት ሊያሳይ ቢገባ እንኳ ማታ ሚስቱ፣ «ለየትኛው ነው የሄድከው? ለፊተኛው ነው ለኋለኛው?» ትለዋለች።

ታዲያ ሰዉ ምን አደረገ? ወደ ቤት መጣ። ልጅቷ ታች ቁጭ ብላ በር በሩን ስታይ ውላ ወደ ላይ ስትመጣ ሳሎናችን ሞልቶ ታገኘዋለች። ብርቱካን ይዘው፣ ስኳር ይዘው፣ «እማማን ልጠይቅ ብዬ» እያሉ ይመጣሉ። መጀመሪያ ላይ እኔን መስሎኝ ነበር። ጤናዬን ጠይቀው፣ ጉልበቴን ጠይቀው፣ ከዚያ ሐኪሟ ስትገባ እጅጌ ይሰበሰባል። «እግረ መንገዴን ይቺን ብታዪልኝ…» እሷም ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ በሳሎኑ አምፖል፣ ሶፋ ላይ ታያቸዋለች። በነፃ። የሰው ቤት እንግዳ እንዴት ተብሎ ይከፈላል?

አንድ ምሽት ግን በቃት። ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር ሴትዮ አለች፤ መንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የምትሠራ፣ ድምፀ ጎርናና፣ የእድራችን የሴቶች ሰብሳቢ። ኮረዳ የሆነች ልጇን ፊቷ ላይ ብጉር ወጥቶባት ይዛት መጣች።

«እትዬ፣ ነገ ታች ያምጧት» አለቻት የልጅ ልጄ በትሕትና። «እዚህ መብራቱ አይበቃኝም፣ በደንብ ልያት።»

«ታች?» አለች ሴትዮዋ። «እዚያ ታፔላ ሥር? ያላገባች ልጄን?»

«ብጉር ነው እኮ እትዬ፣ ማንም…»

«ብጉር መሆኑን አንቺና እኔ ነን የምናውቀው! ሰፈሩ ምን እንደሚለው እኔን ጠይቂኝ። እናትሽ ብትኖር እንዲህ ትለኝ ነበር?» ብድግ አለች፣ ልጇን በክንዷ ይዛ አስነሳች፣ ጠረጴዛው ላይ ያኖረችውን ብርቱካንም አንስታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ግድግዳውን እያየች ታልፋለች። በነገራችን ላይ ብርቱካኑ ጥሩ ብርቱካን ነበር።

ያን ሳምንት ነው ያ ቀልደኛ ጓደኛዋ ክፍለ ሀገር ካለ ሆስፒታል የደወለላት። እሱ አጥንት ተምሮ እዚያ ተቀጥሯል። ሆስፒታሉ የቆዳ ሐኪም የለውም፣ ቤት ጭምር ይሰጣል አላት። ስልኩን ከዘጋች በኋላ እራት አቀረብኩላት። ሳትቀምስ ቆየችና፣ «እስከ ፋሲካ እጠብቃለሁ» አለች። «ሰው ካልመጣ ዘግቼ እሄዳለሁ፣ እማማ። አንቺንም ይዤሽ እሄዳለሁ።»

«እኔ ከዚህ የትም አልሄድም» አልኳት።

«ለምን?»

ለምን እንደሆነ ታውቃለች። ልጄ የወደቀችበት ክፍል ከእግሬ ሥር ነው። በየቀኑ ከላዩ ላይ እተኛለሁ፣ ከላዩ ላይ እነሳለሁ። «ሂጂ አንቺ። ወጣት ነሽ» አልኳት። እንዲህ ስላት ሐዘኑ እንዲመጣ እየጠበቅኩ ነበር፤ አሁን ይሰማኛል፣ አሁን ይሰማኛል ብዬ። ሳህኑን አነሳሁ፣ አጠብኩት፣ አስቀመጥኩት። አልመጣም።

ከዚያ የአንዱ ጎረቤት ልጅ መልስ ደርሶ፣ ሴቶቹ በሙሉ የጋራ ማብሰያ ቤቱ ውስጥ ተሰብስበን ነጭ ሽንኩርት ስንልጥ ዋልን። የሦስተኛ ፎቋም አለች፤ ከእኔ ጋር ባትነጋገርም አለች። ወሬው ስለ ሙሽራዪቱ ነበር፣ ከዚያ ስለ ዘይት፣ ከዚያ ደግሞ ሜክሲኮ አካባቢ ስለተከፈተ ካፌ። አንዷ፣ «የእማማ ዶክተር እንዴት ናት?» ስትል፣ «ከፋሲካ በኋላ ትሄዳለች። ክሊኒኩን ልትዘጋው ነው» አልኩ። የሽንኩርቱን ልጣጭ ከእጄ ላይ እያራገፍኩ ነው ያልኩት። ከዚያ አንዷ፣ «እስቲ ያንን ቢላ አቀብሉኝ» አለች፤ ወሬው ወደ ካፌው ተመለሰ። ያልሰሙኝ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ሳይሆን አይቀርም፣ ብቻ ቅዳሜ ነው፤ ግቢው ሰው በሰው ነበር። ልብስ ገመድ ላይ ይሰጣል፣ መኪና ይታጠባል፣ ሽማግሌዎቹ ጥላው ሥር ተቀምጠዋል። እኔ እንደ ወትሮዬ መስኮቴ ጋ ነኝ። አንድ ሰውዬ ረጅም መሰላል ተሸክሞ ገባና የክሊኒኩ ግድግዳ ላይ አስደገፈው። የመብራት ሠራተኛ መሰለኝ። እሱ በሩ ጋ ቆሞ ወደ ውስጥ ሲያይ፣ ከደረጃው በኩል የሦስተኛ ፎቋ ጩኸት ተሰማ።

«ኧረ እከክ ፈጀኝ! ኧረ ዶክተሯ አለች? ይኼን ክንዴን ቆርጣ ትጣልልኝ!»

ክንዷን በጥፍሯ እየፈተገች ግቢውን አቋርጣ መጣች። በዳር በኩል መሄድ ትችል ነበር፤ መሃል ለመሃል ነው የመጣችው። መሰላል የያዘውን ሰውዬ፣ «እስቲ ዞር በልልኝ ወንድሜ» አለችውና ታፔላው ሥር ቀጥ ብላ ቆመች። ቀና አለች። ከዚያ ከላይ እስከ ታች፣ መዝገብ ቤት እንደሚጠራ ስም፣ ጮክ ብላ አነበበችው።

«የቆዳና… የአባለዘር… በሽታዎች። እንግዲህ እኔ የመጣሁት ለቆዳው ነው። ስለ ሌላው ባሌን ጠይቁት!»

ግቢው በሳቅ አለቀ። ባልዬው ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀምጦ ነበር፤ ጋዜጣውን ፊቱ ላይ አደረገው። እሷ ገባች። ሰውዬው መሰላሉን ይዞ ትንሽ ቆመ፣ በሩ አጠገብ ያለው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፣ ውሃ ለምኖ ጠጣ። በኋላ የልጅ ልጄ ብቅ ብላ አንድ ነገር አለችው፣ መሰላሉን ተሸክሞ ወጣ። እኔ ይህን ሁሉ አይቼ ያሰብኩት፣ እንዲህ ኩርፊያዋን ያስረሳት እከኩ ምን ያህል ቢብስባት ነው የሚል ነው።

ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ ይመጡ ጀመር። ጡረታ የወጣችው አስተማሪ መጣች፣ ዳቦ ጋጋሪዋ መጣች፣ የጥበቃው ሚስት መጣች። ሁሉም የሚመጡት ግቢው ሲሞላ ነው። ሁሉም ያካሉ። አንዷ አንገቷን፣ አንዷ ጀርባዋን፣ አንዷ ደግሞ እዚያው በር ላይ ጫማዋን አውልቃ ባተ እግሯን። ሲወጡም እንደ ሰርግ ቤት እንግዳ በሩ ላይ ቆመው ያወራሉ፤ «እጇ እንዴት ለስላሳ ነው! ወንበሩስ! እንዲያው ክፍሏ እንዴት ታምራለች!»

«ዛሬም እከክ ነው» ትለኛለች ሐኪሟ እራት ላይ። «ቆዳቸው ላይ ምንም አይታየኝም።»

«ታዲያ ምን አዘዝሽላቸው?»

«ቫዝሊን።»

ከዚያ አንድ ቀን፣ ምክንያቱን አገኘሁት አለች። ጣራ ላይ ያለው የውሃ ታንከር ነው፤ ታጥቦ አያውቅም፣ ሰውን የሚያሳክከው እሱ ነው። የብሎኩን ኮሚቴ ጠርታ ነገረቻቸው። ወንዶቹ ባልዲና መጥረጊያ ይዘው ወጡና ግማሽ ቀን ፈተጉት። ከውስጡ የእርግብ ላባና አንድ የልጆች ኳስ ወጣ። የሦስተኛ ፎቋ ከታች ሆና፣ «እኔ አላልኩም? እኔ አላልኩም?» ትላለች። ምን ብላ እንደነበር ማንም አያስታውስም።

ከዚያ ያቺን ብጉር ያለባትን ልጇን እጇን ይዛ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ በታፔላው ሥር አስገባቻት። ከእሷ በኋላ እውነተኞቹ መጡ። ሕፃን ያቀፉ እናቶች፣ ፊታቸው የቆሰለ ጎረምሶች፣ ከሌላ ብሎክ የመጡ ወንዶች፣ በኋላም ከጌጃ ሰፈር፣ ከሜክሲኮ። በሩ ከዚያ ወዲህ እንደማንኛውም በር ሆነ። ሰዉ ወረፋ ሲጠብቅ ሰላም እየተባባለ ይቀመጣል። ለፊተኛው ይምጣ ለኋለኛው የሚጠይቅ የለም።

ፋሲካ አለፈ። ስለ መሄድ እሷም አላነሳች፣ እኔም አልጠየቅኳት። ደስ አለሽ ወይ ብትሉኝ፣ አላለኝም። አላዘንኩም ደግሞ። ማታ ቤቷ ትገባለች፣ ጫማዋን በር ላይ ታወልቃለች፣ እኔ የጫማውን ድምፅ ሰምቼ እተኛለሁ። ጋቢው አልወለቀም። የመሳሳቱ ምልክት ቢኖር ግን፣ ከዚያ ወዲህ ምግብ ላይ ጨው ሲጎድል መናገር ጀምሬ ነበር። ይህን ያየችብኝ እሷ ናት እንጂ እኔ ልብ አላልኩትም።

አሁን የምነግራችሁን ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው። የሦስተኛ ፎቋ ጡረታ ወጥታ ወደ ልጇ ቤት ልትሄድ ዕቃዋን ጭና ልትሰናበተኝ መጣች። ስንሳሳም ክንዷን ያዝኩና፣ «ያ እከክሽ እንኳን ለቀቀሽ» አልኳት። በሳቅ ሶፋው ላይ ተደፋች።

«የምን እከክ እማማ! እኔ በዕድሜዬ አሳክኮኝ አያውቅም!»

«እንዴ! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት…»

«ያን ቀን ሽንኩርት ስንልጥ ትሄዳለች አሉን። የአውቶቡስ መነሻ እንደሚነግር ሰው ነው ያሉት፣ እማማ። ፊትዎ እንጨት ሆኖ። ሁላችንም ደነገጥን። እርስዎ ሲወጡ ይቺ ሴትዮ ብቻዋን ከቀረች ከዚያ መስኮት ጋ አትነሳም ተባባልን። እና ተራ ገባን፣ እንደ ዕቁብ። መጀመሪያ እኔ፤ ያሳፈርኳት እኔ ነኝና። ልጅዎ የሰፋችልንን ቀሚስ እንልበስ ያለችው ደግሞ አስተማሪዋ ናት። የእሷ ክፍል ነው የምንገባው፣ በእሷ ልብስ እንግባ ብላ።»

ሸኝቻት ተመለስኩ። የልጅ ልጄ ማታ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ነገርኳት፤ ታማሚዎችሽ ታማሚ አልነበሩም፣ አላሳከካቸውም አልኳት።

«አውቃለሁ እኮ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያዋ። ክንድዎን ልየው ስላት እጅጌዋን ልትሰበስብ ቁልፏን ቀሚሷ ውስጥ ከተተችው። በቀኝ በኩል፣ ስፌቱ ውስጥ። ኪሱን አየሁት። ሁለተኛዋም እንደዚያው፣ ሦስተኛዋም እንደዚያው። ክንዳቸው ንጹሕ፣ ልብሳቸው የእማዬ።»

«ታዲያ ያ ታንከር? ሰዉን ግማሽ ቀን ያስፈተግሽው?»

«ማከካቸውን የሚያቆሙበት ምክንያት ይፈልጉ ነበራ! ሳይድኑ እንዴት ይቅሩ?»

ተቀመጠችና ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። አንዱን አወለቀች፣ ሌላውን ይዛ ቆየች።

«እማማ፣ ያን ቅዳሜ መሰላል ይዞ የመጣው ሰውዬ ትዝ ይልሻል?» አለችኝ።

«የመብራቱ?»

«የመብራት አልነበረም። ፋሲካን መጠበቅ አቅቶኝ ታፔላውን እንዲያወርድልኝ እኔ ነበርኩ የጠራሁት።»